ሻንጣው ተዘጋጅቷል፤ ልጁስ?

ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ዲላ መናኸሪያ አካባቢ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። አንደኛው ከቡሌ ደጋ የሚወርደው ነው። ዕድሜው ቢበዛ 15 ነው። ቆጮው በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥሯል፣ ስፖንጅ ፍራሹ በገመድ ተጠፍንጓል፣ በአንድ እጁ ቢጫ ጀሪካን፣ በሌላው የከሰል ምድጃ አንጠልጥሏል። ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ነው፤ ከሰው ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተውለታል። ሁለተኛዋ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ የምትወርደዋ ናት። ባለ ጎማ ሻንጣ ትጎትታለች፤ ክንዷ ላይ እናቷ የሰጠቻት ጋቢ አለ። ሻንጣው ውስጥ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ መኖሩን ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነው።

ሁለቱ አይተዋወቁም። የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ። ዛሬ ማታ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «በልተሃል?»፣ «በልተሻል?» የሚላቸው ሰው በሌለበት ያድራሉ።

ቤታቸው ሳሉ ለሳምንታት ሲጠየቁ የከረሙት ጥያቄም አንድ ነው። «ተዘጋጅተሃል?» እኛ አገር ዝግጅት ማለት ዕቃ ማለት ነው። ጋቢው ታጥቧል? በሶው ተፈጭቷል? ፍራሹ ተገዝቷል? የበር ቁልፍ አልተረሳም? አጎት ብር ያስጨብጣል፣ አክስት ቆሎ ትቋጥራለች፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ እናት ታለቅሳለች። ደግ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ግን እስቲ በእግዜር፣ ከዚያ ሁሉ ወዳጅ ዘመድ መካከል «ሽሮ መሥራት ትችላለህ? የወሩን ገንዘብ ለአራት ሳምንት እንዴት ትከፋፍለዋለህ? ሌሊት ትኩሳት ቢነሣብህ የማንን በር ታንኳኳለህ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሻንጣው ተዘጋጅቶ ይሄዳል፤ ልጁ ሳይዘጋጅ።

ይህን ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ተወው፤ ችግር ያስተምረዋል።»

ይህቺ አባባል እንደ ዳዊት የምትደገም ናት። አባት ይላታል፣ መምህር ይላታል፣ ወጣቱ ራሱ ይላታል። ከኋላዋ የሚከበር ታሪክ እንዳላትም አልክድም። ከየገጠሩ በእግሩ እየተጓዘ፣ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ እሑድ እየተመለሰ፣ በኩራዝ አጥንቶ ሐኪምና መሐንዲስ የሆነ ትውልድ አለ። «እኛን ማን አሠለጠነን? ችግር ብልሃትን ይወልዳል» ይለናል። ይወልዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩን የሚነግሩን የተረፉት ብቻ ናቸው። አብሯቸው ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ጥር ላይ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ መንደሩ የተመለሰው ልጅ የምረቃ ግብዣ ላይ ተነሥቶ ንግግር አያደርግም። ትምህርቷን ጥላ ሰው ቤት የገባችውን ልጅ ማንም ቃለ መጠይቅ አያደርጋትም። ችግር ያስተማራቸውን በስም እንጠራቸዋለን፤ ችግር ትምህርት ያስጣላቸውን ግን ረስተናቸዋል።

ደግሞስ ችግር መምህር ከሆነ አስተማሪነቱን እንመርምረው እንጂ። ደህና መምህር ተማሪው ሲሳሳት ያርመዋል፣ እንደገና ይፈትነዋል። ችግር ግን አንዳንዱን ትምህርት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። የወደቀ አይደግምም።

ከሰልን እንውሰድ። የገጠር ልጅ እሳት ያውቃል፤ ያደገው ምድጃ ዳር ነው። ያደገበት ቤት ግን ጭሱ በክዳኑ መሃል እየተነነ የሚወጣበት፣ ግድግዳውም ቀዳዳ የማያጣ ነው። የተከራያት ክፍል ሌላ ናት። ግድግዳዋ ተለስኗል፣ ኮርኒስ አላት፣ መስኮቷ ወይ የለም ወይ አይከፈትም፣ በሩ ደግሞ ሌባ ተፈርቶ ይዘጋል። ዝናብ ሲመጣ ልጁ ምድጃውን ከበረንዳ አንሥቶ ወደ ውስጥ ያስገባል። የጋለ ከሰል ጭስ ስለሌለው የሚጎዳ አይመስለውም። የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ደግሞ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ራስ ያምማል፣ ሰውነት ይዝላል፣ «ትንሽ ልረፍ» ያሰኛል። ብዙዎች ከዚያች እረፍት አልነቁም።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዋ የኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣ በሚያዝያ ዝናብ፣ ምድጃዬን አስገብቼ፣ ሽሮዬን ጥጄ ጋደም ብዬ ነበር። ያከራዩኝ እናት የሚያርር ሽሮ ሸቷቸው በሩን ባያንኳኩ፣ ዝም ስላቸውም በትከሻቸው ገፍተው ባይገቡ ኖሮ ይህን ዓምድ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ውጭ አውጥተው መሬት ላይ አስተኝተውኝ ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል «አንተ ልጅ፣ እናት የለህም እንዴ?» የሚል ነው። እናትማ ነበረችኝ። ፍራሽ ገዝታ፣ በርበሬ አስፈጭታ፣ አልቅሳ የላከችኝ እናት። «ከሰል አያይዘህ በር አትዝጋ» የሚለው ምክር ግን ከተቋጠረልኝ ስንቅ ውስጥ አልነበረም። ታዲያ ችግር አስተማረኝ? የለም። ያስተማሩኝ በሩን የሰበሩት ሴትዮ ናቸው።

ወባን እንውሰድ። ቡሌ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ ነው፤ እዚያ የወባ ወሬው እንጂ ራሷ የለችም። ዲላ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሞቅ ያለ ከተማ ነው። የአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ነው፤ ልክ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። እንግዲህ ከደጋ የመጣችና ሰውነቷ ይህን በሽታ የማያውቅ ልጅ ከተማ ገብታ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሆናት ብርድ ብርድ ይላታል እንበል። «ብርድ መታኝ» ብላ ጋቢዋን ትከናነባለች። ጤና ባለሙያዎች ትኩሳት በተሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ ይላሉ፤ ለእሷ ግን ማን ነገራት? ቤቷ ብትሆን እናቷ ግንባሯን ዳብሳ ታውቅባት ነበር። እዚህ ግንባር የሚዳብስ የለም። ሦስት ቀን ከክፍል ስትቀር ጓደኞቿ «ስንቅ ልታመጣ አገሯ ሄዳ ይሆናል» ይላሉ። አከራይዋ «ፈተና ደርሶባት እያጠናች ነው» ይላሉ። ቤተሰቦቿ ትምህርት ላይ ናት ይላሉ። ሁሉም የት እንዳለች ያውቃል፤ እሷ ግን ተኝታለች።

ገንዘብንም እንውሰድ። «ሲያልቅበት መቆጠብ ይማራል» ይባላል። ጌዴኦ ምድር ገንዘብ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ ቡና ሲቀላ ነው። እሸቱ ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ከፍ ባሉት የይርጋጨፌና የገደብ ቀበሌዎች እስከ ታኅሣሥና ጥር ይዘልቃል። የቤት ኪራይ ግን መስከረም ላይ ነው የሚጠየቀው፤ ደብተሩም ዩኒፎርሙም እንደዚሁ። ስለዚህ ስንቱ አባት ወይ ይበደራል፣ ወይ ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ ይዋዋልበታል። ልጁ የብቻ ኑሮውን በዕዳ ጀመረ ማለት ነው። ቡናው ሲሸጥ ደግሞ አባት እጁ ይረጥብና የሦስት ወር ወጪ በአንድ ቀን ያስጨብጠዋል። ከዳቦ መግዣ በላይ በእጁ ይዞ ለማያውቅ ልጅ! ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጫማና የጓደኛ ግብዣ ይሆናል። ከዚያ የካቲትና መጋቢት ይመጣሉ፤ አባት «አባካኝ!» ብሎ ይቆጣል። ልጁ አባካኝ አይደለም። የቤቱ ሒሳብ ሲሠራ አንድም ቀን አልተጠራም። አባት ቡና ሸጦ ሲገባ ገንዘቡን የሚቆጥረው ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጥቶ ነው። ከተሜውም አይሻልም፤ የአባቱን ደመወዝ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

እስካሁን «ልጁ፣ ልጁ» እያልኩ መጥቻለሁ። ሴቷን ለብቻዋ ላንሣት፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይከፋልና። «ሴት ልጅማ ሙያ ተምራ ነው የምታድገው፤ እሷ አትቸገርም» ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሙያ ተምራለች፤ የተማረችው ግን ራሷን ማስተዳደር ሳይሆን ሌላውን ማገልገል ነው። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ዲላም ሆነ ወናጎ፣ ይርጋጨፌም ሆነ ሌላ ከተማ፣ ወንድምና እህት አብረው የተከራዩባትን ክፍል ገብታችሁ እዩ። እሱ አሥራ አንደኛ፣ እሷ ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ወላጆቻቸው አንድ ላይ የላኳቸው «ጠባቂ ይሆናታል» ብለው ነው። እሷ ማለዳ ውኃ ትቀዳለች፣ ቁርስ ትሠራለች፣ ከትምህርት ስትመለስ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ልብሱን ታጥባለች። እሱ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ፊዚክስ ያጠናል። ሰኔ ላይ እሱ ያልፋል፣ እሷ ትወድቃለች። ከዚያ «ሴት ልጅ ትምህርት አይሆንላትም» ተብሎ ይፈረዳል። ጎበዝ፣ ይህ ምን ይባላል? እሷን ትምህርት ቤት ልከናታል ወይስ ለወንድሟ ሠራተኛ ቀጥረንለታል? ያውም ደመወዝ የሌላት ሠራተኛ!

ወንዱም ቢሆን ከዚህ አልተጠቀመም። እህት ያልተላከችለት ወንደላጤ በዳቦና በሻይ ይከርምና፣ በኋላ ሚስት ሲፈልግ ወዶ ይሁን ርቦት ራሱም አያውቀውም።

ብቻዋን የተከራየችዋ ልጅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለባት። በሩን በማታ የሚያንኳኳ ይመጣባታል። የግቢው ዘመድ ይሆናል፣ «እንደ አባት» የሚረዳት ጎልማሳ ይሆናል፣ ደብተር ልዋስ የሚል ጎረምሳ ይሆናል። ይህችን ልጅ ያሳደግናት «ለትልቅ ሰው እሺ በይ» እያልን ነው። ስትከራከር «ባለጌ» ብለናታል፤ ዝም ስትል «ጨዋ» ብለን አመስግነናታል። እንግዲህ «እምቢ፣ ከዚህ በር ወዲህ አትምጣ» ማለትን ማን ያስተምራት? ችግር? ችግርማ ተቃራኒውን ነው የሚያስተምራት። ስንቋ ባለቀ ቁጥር «እሺ» እንድትል ነው የሚገፋት።

ስለ አከራይና ተከራይ ካነሣን አይቀር፣ አባቶችን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጃችሁ የሚያድርባትን ክፍል አይታችኋል? መስኮቱ ይከፈታል? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ብዙዎቻችን በሰው በሰው ተነጋግረን፣ በቃል ተስማምተን፣ ልጅን በማዳበሪያ ከረጢት አስይዘን እንልካለን። ከዚያ የግቢው በር ማታ 2 ሰዓት ይዘጋል፣ መብራት 4 ሰዓት ይጥፋ ይባላል፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ኪራይ ይጨመራል፣ ፈተና ሲደርስ «ልቀቅ» ይባላል። ልጁ ከማን ጋር ይከራከር? በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ለአካለ መጠን አልደረሰም፤ ስለ እሱ የሚዋዋለው ወላጁ ወይም አሳዳሪው ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ በየከተማው እንዴት እንደሚሠራበት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረ ውል ግን አዋጅ እስኪደርስ አይጠበቅም። አከራይ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔን ያተረፉኝ አከራዬ ናቸው። ጥሩ አከራይ ማግኘት ግን የልጅ ዕድል ብቻ ሊሆን አይገባውም።

ይህን ሁሉ ስል «ብቻ መኖር የፈረንጅ ነው፤ እኛ ተደጋግፈን የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ተረቱን እወደዋለሁ። ነገር ግን ልጆቻችን ብቻቸውን እንዲኖሩ የላክናቸው ፈረንጆች ሳይሆኑ እኛው ነን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌለው ቀበሌ ብዙ ነው፤ መማር የፈለገ ወደ ከተማ ይወርዳል። ዲላ በ1988 ዓ.ም. የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት፣ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ይዛ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ልጅ ስትቀበል ኖራለች። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ መስጠት ሲጀመርማ፣ ከቤቱ ውጭ አድሮ የማያውቀው ልጅ የመጀመሪያ ሌሊቱ የፈተና ዋዜማ ሆኖ አረፈው።

የዩኒቨርሲቲ ዶርም ደግሞ ቢያንስ የሚበላ አለው፣ ጓደኛ አለው። እዚያ የሚደርሰው ስንቱ ነው? የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ 8.4 በመቶ ናቸው የማለፊያ ነጥብ ያመጡት። በአቅም ማሻሻያ ትምህርት የሚገቡት ተጨምረውም ቢሆን፣ የብዙኃኑ ልጅ የመጀመሪያ የብቻ ኑሮ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ወይም ቴክኒክና ሙያ ሊማር ሄዶ የተከራያት አንዲት ክፍል ናት፤ ሐዋሳ ትሁን አዲስ አበባ። ስለዚህ የብቻ ኑሮ ባህላችን ሆኗል፤ ያልሆነው ዝግጅቱ ነው። ተደጋግፎ የሚኖር ሕዝብ ከሆንን መደጋገፉ ልጁ መኪና ላይ ሲወጣ ማብቃት የለበትም።

ችግር ታላቅ መምህር ነው የሚለኝን ሰው አንድ ነገር ላስታውሰው። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ኋላም ሰኔ ላይ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች መጠለያ ሆኑ። ችግር ከዚያ ወዲያ ከየት ይምጣ? ችግር የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ የዚያ ዓመት ልጆች ሁሉ በማዕረግ በተመረቁ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የመማሪያ ክፍሉ ማደሪያ ሆነ፣ ልጁም ከትምህርቱ ቀረ። ያን ጊዜ የተፈናቀለውን ያቆመው ችግሩ አይደለም። ራሱ ሳይተርፈው ቤቱን ከፍቶ ያስገባ ዘመድና ጎረቤት ነው። ሰውን የሚያቆመው ሰው ነው።

ደግሞ ይህን ለጌዴኦ ገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰው ከዛፍ፣ ከእንሰትና ከቡና ጋር ተጠላልፎ መኖርን ስላወቀበት ነው። እስቲ የቡና ችግኝ እንዴት እንደሚያድግ ተመልከቱ። ዘሩ የሚፈላው ዳስ ተሠርቶለት በጥላ ሥር ነው። መተከያው ሲቃረብ ገበሬው ዳሱን ባንድ ቀን አያነሣውም። ዛሬ ትንሽ ይገልጥለታል፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ይጨምራል፣ ውኃውን ቀስ በቀስ ይቀንስበታል፤ ፀሐይን እያላመደው ነው። ከጥላ አውጥቶ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተከለውን ሰው ሁላችሁም «ምን ነካው?» ትሉታላችሁ። ችግኙ ሲጠወልግም «ይጠንክር ብዬ ነው» ቢላችሁ ትስቁበታላችሁ። ለልጃችን ግን የምናደርገው እሱኑ ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከነዳሱ፤ መስከረም ላይ ከነሥሩ ነቅለን ፀሐይ ላይ።

ማላመድ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ ሊሄድ አንድ ዓመት ሲቀረው ይጀመር፤ ባይሆን እንኳ ክረምቱ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የቤቱን ራት እሱ ይሥራ። ቢያሳርረውም ይበላ፤ እናንተ እያላችሁ ያሳርር። የአንድ ሳምንት የቤት አስቤዛ ገንዘብ በእጁ ይሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ቢጨርሰው እናቱ ጎን ሆኖ ይጨርስ። ቡናው ሲሸጥ ገንዘቡ በልጆች ፊት ይቆጠር። ከሰል በር ተዘግቶ እንደማይያዝ፣ ትኩሳት ካደረ ጤና ጣቢያ እንደሚኬድ፣ ለማይሆን ነገር እምቢ ማለት ብልግና እንዳልሆነ በአፍ ይነገረው፤ ለሴቷ ደግሞ ሁለቴ። ወንድምና እህት አብረው ከተላኩ ተራው መኪና ላይ ሳይወጡ ይወሰን፤ ሰኞ እሱ ካበሰለ ማክሰኞ እሷ። አባት ክፍሏን ራሱ ሄዶ ይይ፣ ውሉን ራሱ ይፈርም፣ የአከራዩንና የአንድ ጎረቤት ስልክ ይዞ ይመለስ።

ትምህርት ቤቶችም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። የክፍል ኃላፊ መምህሩ ከተማሪዎቹ መካከል ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖረው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይመዝግብ። ከእነዚያ አንዱ ሁለት ቀን ከቀረ አንድ የሰፈሩ ተማሪ ሄዶ በር ያንኳኳ። ለዚህ በጀት አያስፈልገውም፣ ከበላይ መመሪያም አይጠበቅም። አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ሦስት ቀን ጋቢ ተከናንባ የተኛችዋን ልጅ የሚያገኛት ሌላ መንገድ የለም።

ይህ ልጅን ማቀማጠል ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ማቀማጠልስ እስከ 15 እና 19 ዓመቱ ድረስ ሰሃን ሳያጥብ፣ ገንዘብ ሳይዝ፣ ሳይጠየቅ ማሳደግ ነው። ከዚያ በኋላ ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ የምትልኩት ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ነሐሴ አንድ ቀን ማታ «ተዘጋጅተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። የታሰረውን ፍራሽና የተቋጠረውን ከረጢት ካሳያችሁ፣ «እሱን ተወው» በሉት። ከዚያ ምድጃውንና አንድ እፍኝ ከሰል ስጡትና ራት እንዲሠራ እዘዙት። ውጭ ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። ምድጃውን የት እንደሚያስቀምጠውና በሩን እንደሚዘጋው ወይም እንደማይዘጋው ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከዘጋው ገና አልተዘጋጀም፤ ተነሡና ክፈቱለት፣ ለምን እንደከፈታችሁትም ንገሩት።